ፓውደር ልግዛ ወይስ ኦል ማውንቴን?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ? የምጽፍልሽ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ስኪ ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ክረምቴ ነው። እስካሁን በኪራይ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ገንዘብ አጠራቅሜ የራሴን ስኪ ልገዛ ነው። የሱቁ ልጅ ኦል ማውንቴን፣ ማለትም በየዓይነቱ በረዶ ላይ የሚሄደውን ውሰድ ይለኛል። አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ደግሞ «ኮሎራዶ እየኖርክ ፓውደር ካልገዛህ ምን ዋጋ አለው?» ይለኛል፤ ለጥልቅ አዲስ በረዶ የተሠራውን ሰፊውን ማለቱ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ75 ነው፤ ኪሎዬ 78። ሰማያዊውን፣ መካከለኛውን መንገድ ያለ ችግር እወርዳለሁ፤ ጥቁሩን፣ ከባዱን እየፈራሁ። ሁለት ጥንድ የመግዛት አቅም የለኝም። አንቺ ሁለቱንም በረዶ ላይ ሞክረሻል ሲሉ ሰማሁ። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። የምትገዛው አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ኦል ማውንቴን ግዛ፤ ወገቡ ከ94 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሆነውን። ፓውደሩን በረዶ በጣለ ቀን ተከራየው። ጓደኛህ የነገረህ ነገር ውሸት የለውም። ፓውደር ስኪ ቀኑ ሲገጥምለት ደስታው ሌላ ነው። ችግሩ የቀኑ ማነስ ነው። እስቲ ባለፈው ክረምት የወጣህባቸውን ቀናት ቁጠራቸው። ከእነዚያ ውስጥ አዲስ በረዶ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ያገኘህባቸው ስንት ነበሩ? እኔ 14 ቀን ወጥቼ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ያውም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትሄድ ከሆነ ያንተ ከዚህም ሊያንስ ይችላል።

ወገብ የምንለው ከጫማህ ሥር ያለውን፣ ስኪው የሚጠብበትን ቦታ ነው። ኦል ማውንቴን የሚባሉት ባብዛኛው ከ85 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ናቸው። ፓውደር ከ110 አካባቢ ይጀምርና 120ን ያልፋል። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ክብደትህ ብዙ በረዶ ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አትሰምጥም። በቃ፣ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ግን ያው ስፋት ጠጣር በረዶ ላይ ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። እሱን ደግሞ በጉልበቴ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ማርች ሁለቱን ይዤ ላቭላንድ ሄድኩ። ከዴንቨር በአይ 70 ሽቅብ ስትሄድ የአይዘንሃወር ዋሻ አፍ ላይ ያለው የስኪ ቦታ ነው፤ ታውቀው ይሆናል። የሊፍቱ፣ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው የገመድ ወንበር፣ መነሻ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጦጦ አናት ላይ የመቆም ያህል። ዘጠነኛው ሊፍት የሚያወርድህ ጫፍ ደግሞ 3,870 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ላይ ነፋሱም ትንፋሽ ማጠሩም አለ። አንደኛው ኖርዲካ ኤንፎርሰር 94 ነው። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር የወገቡ ስፋት ነው፤ ከመሐሉ እንጨት ላይና ታች ሁለት የብረት ንጣፍ አለው። ሁለተኛው አቶሚክ ቤንት ቼትለር 120፣ ክሪስ ቤንቼትለር የሚባለው ስኪተኛ አብሮ የነደፈውና ሥዕሉንም ራሱ የሣለው ነው። ይህኛው ያን ያህል ሰፍቶም ከኤንፎርሰሩ ይቀላል። እኔ 1 ሜትር ከ68 ነኝ፤ ኤንፎርሰሩን በ172፣ ቤንቱን በ176 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው የያዝኩት።

የመጀመሪያው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረ ቀን ነበር። ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው። የኮሎራዶ በረዶ ደግሞ ደረቅ ነው፤ በእጅህ ብትዘግነው በወንፊት የተነፋ ዱቄት ይመስላል፣ ብትጨብጠው እንኳ አይያያዝም። በ120ው ወረድኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው፤ ስኪው በረዶውን ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ የለም። የፊቱ ጫፍ ከበረዶው ውስጥ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ወደ ጎን ስትገፋው ይዞራል፣ ደግሞ ጥልቅ ብሎ ብቅ ይላል። ወደ ኋላ ማዘንበል አላስፈለገኝም። መሐል ላይ ቆሜ እግሬን ማወዛወዝ ብቻ በቃኝ።

ከዚያ ወርጄ 94ቱን አሰርኩና እዚያው መንገድ ላይ ተመለስኩ። ይሄዳል እኮ! ሰው 94 ፓውደር ላይ አይሠራም ሲል እሰማለሁ፤ ይሠራል። ግን ትለፋለህ። ፍጥነት ከቀነስክ ጫፉ ይሰምጣል፣ ቁልቁለቱ ሲለዝብ ትቆማለህ፣ አራተኛው መዞሪያ ላይ ጭንህ መንደድ ይጀምራል። ሁለቱን ባነጻጽር ያን ጠዋት 120ው በሰፊው አሸንፏል።

ግን እስከ ስንት ሰዓት? እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ወርዶበት በረዶው ክምር በክምር ሆነ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ቀላሉና ሰፊው ስኪ እያንዳንዱን ክምር ሲመታ ጫፉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ብረት ያለው 94 ግን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እግሬ ሥር አልተነቃነቀም። በፓውደር ቀን እንኳ ግማሹን ቀን ያሸነፈው ኦል ማውንቴኑ ነው ማለት ነው። ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግርህም።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። አዲስ በረዶ የለም፣ ነፋሱ ላዩን ጠርጎ አጠንክሮታል፣ ጠዋት በማሽን የተስተካከለው መንገድ እንደ ምጣድ ልሙጥ ነው። 94ቱ ጠርዙን ነክሶ ይዞልኛል፤ ስታጋድለው ወዲያው ይታዘዛል። 120ውን ሳስር ግን በሁለተኛው መዞሪያ ጉልበቴን ተሰማኝ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የስኪው ጠርዝ ከእግርህ መሐል ያለው ርቀት የወገቡ ግማሽ ነው፤ በ94ቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ በ120ው 60። የ13 ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል፣ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ጠጣር በረዶ ላይ ግን ስኪውን በጠርዙ ባቆምከው ቁጥር ያ ጣት ቁርጭምጭሚትህንና ጉልበትህን ይጠመዝዛል። ከሰዓት በኋላ እንደዚያው ብቀጥል ኖሮ በማግሥቱ ደረጃ መውጣት አልችልም ነበር። ስለዚህ ፈታሁት።

አንተ ጥቁሩን መንገድ እየፈራሁ ነው ያልከኝ። ይህ ለምርጫው ትልቅ ነገር ነው። ፍርሃቱ የሚለቅህ ጠርዝህ እንደሚይዝልህ ስታምን ነው፤ እሱን የምትማረው ደግሞ ጠበብ ባለ ስኪ ላይ ነው። በሰፊ ስኪ የጀመሩ ልጆች አውቃለሁ። ፓውደር ላይ ያምራሉ፣ ጠጣር መንገድ ላይ ግን እየተንሸራተቱ እንጂ እየቆረጡ አይዞሩም፤ ልማዱን ለማስለቀቅ ደግሞ ዓመት ይፈጃል።

ሱቅ ስትሄድ ስፋቱን ብቻ አትይ። ጥንዱን ስኪ ሆድ ለሆድ አጋጥመህ ያዝና በጎን ተመልከተው። መሐሉ ላይ ክፍተት ካየህ ካምበር ይባላል። ክብደትህ ሲጫነው እንደ ቀስት ይለጠጥና ግፊቱን ለሁለቱም ጫፎች ይሰጣል፤ የሚነክስልህ እሱ ነው። ክፍተቱ ጫፎቹ ላይ ከሆነ ሮከር ነው፤ ጫፉን ከበረዶው በላይ የሚያቆየው ይኼኛው ነው። ይህን ሐሳብ ዳር ያደረሰው ሼን ማኮንኪ የሚባል ስኪተኛ ነው። ውሃ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪ አይቶ፣ ጥልቅ በረዶም እንደ ውሃ ነው ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት ከሚባለው የኮሎራዶ ኩባንያ ጋር ስፓቹላ የተባለውን ስኪ አወጣ። መሐሉ ሰፊ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ፣ የለመድነው ስኪ ተገልብጦ ማለት ነው። ዛሬ ኦል ማውንቴኖቹም ጫፋቸው ላይ ትንሽ ሮከር አላቸው፤ እግር ሥር ካምበር፣ ጫፍ ላይ ሮከር ያለው ላንተ ይመቻል። ሮከር ያለው ስኪ ጠጣር መሬት ላይ የሚነካው ክፍል ስለሚያጥር ርዝመቱን ብዙ አታሳጥር። በኤንፎርሰር ቁጥር ብንሄድ ላንተ 172 ወይም 179 ነው፤ ለመማር ከሆነ 172።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። የራስህ የስኪ ጫማ አለህ? ከሌለህ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውለው፤ ስኪውን ሌላ ክረምት ተከራይ። እግርህ ውስጡ የሚዋኝ ጫማ አድርገህ የትኛውንም ስኪ ብታስር ትእዛዝህ አይደርሰውም። ጫማህን ከስኪው ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ ደግሞ በባለሙያ አስገጥም። የሚፈታበትን ልክ የሚወስኑት ክብደትህ፣ ቁመትህ፣ ዕድሜህ፣ ችሎታህና የጫማህ ሶል ርዝመት ናቸው። ይህ ቁጥር ከጠበቀ እግር ይሰበራል፣ ከላላ መንገድ ላይ ይፈታል። ስኪው ሲፈታ የሚያቆመው የማሰሪያው ፍሬንም ከስኪው ወገብ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፣ አለዚያ አይወርድም። ብዙ ሱቆች ለሙከራ የከፈልከውን ኪራይ ከዋጋው ላይ ይቀንሱልሃል፤ ጠይቃቸው። ማርችና ኤፕሪል ላይ ደግሞ የዓመቱ ሞዴል ዋጋው ይወርዳል፤ መቸኮል የለብህም።

ፓውደሩን የተከራየህ ቀን ቦታውን ከሚከልለው ገመድ ውጪ እንዳትወጣ፣ አደራ። ስኪው ስላልሰመጠልህ ተራራው ደህና ነው ማለት አይደለም። ዛፎች ሥር ያለው ለስላሳ ጉድጓድ ሰው ይውጣል፤ ጫካ ከገባህ ከሚያይህ ጓደኛ ጋር ግባ። እና መኪናህን አትርሳ። በአይ 70 ተራራው ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከካልጋሪ ነኝ። የ14 ዓመት ልጄ ቪዲዮ አይቶ ፓውደር ስኪ ካልገዛሽልኝ እያለ ቤቱን እያወከው ነው። ኪሎው 50 ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ሌክ ልዊዝ ይሄዳሉ። ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ፣ አይግዙለት። ሰፊ ስኪ የሚያስፈልገው ክብደት እንዳያሰምጥ ነው፤ ልጅዎ ግን ቀላል ነው። ለ78 ኪሎ ሰው 100 ሚሊ ሜትር የሚሰጠውን መንሳፈፍ ለሱ 85ቱ ይሰጠዋል። ወገቡ ከ80 እስከ 88 የሆነ፣ ጫፉ ላይ ሮከር ያለው ይፈልጉለት። ጉልበቱም ገና እያደገ ነው። ርዝመቱን በአገጩና በአፍንጫው መሐል ያድርጉት፤ ያድግበታል ብለው ረጅም አይግዙ፣ መዞር አቅቶት ይጠላዋል። ከተቻለ ደግሞ ለክረምቱ በሙሉ የሚያከራይ ሱቅ ይፈልጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱ ሌላ ነው። እሱም አብሮዎት ሄዶ በእጁ ይንካቸው፣ ሥዕሉን ራሱ ይምረጥ። ቪዲዮው ላይ ያማረው ግማሹ ሥዕሉ ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ ስኪ አልሞከርኩም፤ ግን በዚህ ስፖርት የታወቀ ኢትዮጵያዊ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ሲወዳደር አገሪቱ በዚያ መድረክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ባንዲራውን የያዘው እሱ፣ ቡድኑም እሱ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመለሰ። የሱ ውድድር ግን ከላይ ካወራነው ይለያል። አገር አቋራጭ ነው፤ ተረከዝ አይታሰርም፣ ስኪው ከ50 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፣ ዳገቱንም በራስህ ጉልበት ትወጣዋለህ። ለኛ ለሯጭ አገር ልጆች ይህኛው ነው የሚቀርበን ብዬ አምናለሁ። ሊፍት የለውም፣ ኪራዩም ርካሽ ነው፣ መውደቁም አያስፈራም። ኮሎራዶ ዘመድ ጥየቃ ከመጣህ ፍሪስኮ ከተማ ለዚሁ የተዘጋጀ ማዕከል አለ። ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው በረዶው እንደ ሊጥ ይያያዛል።