የአንባቢያን ጥያቄ፦ አርጃኖን በቤት ማሳደግ

ጥያቄ፦ በግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ዘመዴ ከሦስት ሳምንት በፊት ክንድ የማይሞላ ትንሽ አርጃኖ (የእንሽላሊት ወገን የሆነ እንስሳ) አመጣልኝ። በካርቶን አኑሬ የልኳንዳ ሥጋ እየከተፍኩ አበላዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ይበላ ነበር፤ አሁን ግን ፈዝዞ ይውላል፣ የዋጠውንም አንዳንድ ጊዜ ይተፋል። ጎረቤቶቼ መርዘኛ ነው ይሉኛል፤ በቤታችንም የሦስት ዓመት ልጅ አለች። እስኪተልቅ ላሳድገው ብል ምን ማወቅ ይኖርብኛል?
አንባቢ፣ ከጅማ ሄርማታ

መልስ፦ የገለጹት ምልክት ከሁሉ በፊት ብርድን ያስጠረጥራል። አርጃኖ እንደ ድመትና ውሻ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም፤ ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይና ከጋለ ድንጋይ ነው። የበላው ሥጋ የሚፈጨውም ሰውነቱ ሲሞቅ ብቻ በመሆኑ፣ ሙቀት ካጣ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበላሽና መልሶ ይተፋዋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ እንደ መሆኗ፣ ቀኑ ደስ ቢልም ሌሊቱ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ላለ ካርቶን አይራራም። በጊቤ ዳር ያሉት ዘመዶቹ በተቀራራቢ ከፍታ መኖር የቻሉት ቀን ፀሐይ እየሞቁ፣ ሌሊቱን በጉድጓድ ስለሚያሳልፉ ነው። እንስቷ እንኳ ብዙውን ጊዜ እንቁላሏን የምትጥለው ኩይሳ ሰርስራ ነው፤ ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል፣ የኩይሳው የማይዋዥቅ ሙቀትም እንቁላሎቹን ለወራት ያቆይላታል። ይህን ያህል በሙቀት ላይ የቆመ እንስሳ ነው የያዙት።

እንግዲህ ኩይሳውንና ፀሐዩን በቤትዎ መተካት አለብዎ ማለት ነው። ከማረፊያው በአንደኛው ጫፍ የሚሞቅበት ቦታ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ፣ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሲግለው የሚሸሽበት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ይህም በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካል። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች በቀን 12 ሰዓት ቢበሩ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ ይህ የሌሊቱን ማሞቂያ አይጨምርም። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን እንደሚያደርጉም አስቀድመው ማሰብ ይኖርብዎታል። ከዚህ በተጨማሪ አልትራቫዮሌት የሚሰጥ ልዩ አምፖል ያስፈልገዋል፤ ይህ አምፖል እየበራም ቢሆን ኃይሉ ስለሚደክም በየጊዜው መለወጥ አለበት። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ይህን አይተካም፣ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋልና።

ስለ ምግቡ፦ አጥንት የሌለው የልኳንዳ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያጎድልበት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ መንጋጋውና እግሩም ይጣመማል። በዱር የሚበላው ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ ዓሣ፣ ፌንጣ፣ እንቁላልና አይጥ ነው፤ ማለትም እንስሳውን ከነአጥንቱና ከነቅርፊቱ። በመርዝ የሞተ አይጥ ግን በፍጹም አይስጡት።

አሁን ክንድ የማይሞላው እንስሳ፣ በውኃ ዳር የሚኖረው የዓባይ አርጃኖ ከሆነ፣ ጅራቱን ጨምሮ አንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ሁለት ሜትር የሚደርሱም አሉ። ዕድሜውም ከአሥር ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ያኔ የሚያስፈልገው ሙሉ ክፍልና ገላውን የሚነክርበት ገንዳ ነው፤ በገንዳው ውስጥም ስለሚጸዳዳ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል። በቁጣውም የታወቀ ዝርያ ነው። ከልጅነቱ የተያዘውም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይለምድም፤ በጅራቱ እንደ አለንጋ ይገርፋል፣ በጥፍሩ ይቧጭራል፣ ሲነክስም ቶሎ አይለቅም።

ጎረቤቶችዎን በተመለከተ፣ ፍርሃታቸው ከነገሩ መጠን ያለፈ ነው፤ በአርጃኖዎች አፍ ውስጥ መርዛማ ጠባይ ያላቸው ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን ተመራማሪዎች ቢገልጹም፣ ንክሻው እንደ እባብ ንክሻ አይታይም። የሚያስፈራው ቁስሉ መመርቀዙ ነው። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ሳልሞኔላ ነው። ጤነኛ የሚመስል አርጃኖም ይህን ባክቴሪያ በአንጀቱ ይዞ በኩሱ ያወጣዋል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ደግሞ ክፉኛ ያማል። በዚህ ምክንያት ብቻ፣ ሕፃን ባለበት ቤት አርጃኖ እንዲኖር አልመክርም።

በሕጋችንም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው። የአርጃኖዎች ዓለም አቀፍ ንግድም ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነችበት፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው የሲትስ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ያሳድጉት አልልዎትም። በአካባቢዎ ላለው የዱር እንስሳት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ዘመድዎም የያዘበትን ትክክለኛ ቦታ ይንገራቸው፣ መመለስ ያለበት እዚያው ነውና። ቅርብ ነው ብለው አዌቱ ወንዝ ዳር አይልቀቁት፤ በከተማ መካከል ውሻና ድንጋይ ይጠብቀዋል።

እስከዚያው ካርቶኑን ከወለል ላይ ያንሡ፣ ሥጋ መስጠቱን ለጥቂት ቀናት ያቁሙ፣ ንጹሕ ውኃ በሰፊ ሳህን ያቅርቡ፣ ረፋድ ላይም ግማሹ ጥላ በሆነ ክዳን ባለው የሽቦ ሣጥን ፀሐይ ያሙቁት። ሳህኑን ወጥ ቤት ውስጥ አይጠቡ፤ ከነኩት በኋላ ሁልጊዜ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም ከአፍንጫው ንፍጥ የሚወጣ ከሆነ ሳንባው ታሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ዱር ከመመለሱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል።