ሪከርድ ከመጫናችሁ በፊት ወስኑ

ለወጣት ሙዚቀኞችና ለቀረጻ ጀማሪዎች፣

የእንግሊዝና የአየርላንድ ባንዶችን አልበም የምትሰሙ ልጆች ሁሌ የምታነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይሄን ድምፅ በምን ዕቃ አወጡት?» የዕቃውን ስም ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ። ዕቃውን ገዝታችሁ ድምፁ አልመጣ ሲላችሁ እንዳትደናገሩ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። በእነዚያ አልበሞች ላይ ጆሯችሁ የሚወደው ነገር አብዛኛው የተወሰነው የመቅረጫው ክር (ቴፕ) መዞር ሳይጀምር፣ ቢዘገይ ደግሞ እየዞረ ሳለ ነው። የዛሬ ላፕቶፕ ውሳኔን ሁሉ ለነገ ያቆይላችኋል። መቶ ትራክ (ለየብቻ የሚቀረጽ የድምፅ መስመር) ትከፍታላችሁ፣ አንድን መስመር አርባ ጊዜ ታስዘፍናላችሁ፣ ሚክስ (ትራኮቹን ማቀላቀል) ላይ ስትደርሱ ግን ከአርባው መራጭ ይጠፋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቢትልስ እንጀምር። የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈኖች አሉት። አራቱ ቀድመው በነጠላ ሸክላ ወጥተው ነበር። የቀሩት አሥሩ የተቀረጹት ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963፣ ለንደን አቢ ሮድ ባለው የኢ.ኤም.አይ ስቱዲዮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በአንድ ቀን ነው። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን፣ የቀረጻ መሐንዲሱ ኖርማን ስሚዝ ነበሩ። መቅረጫው ሁለት ትራክ ብቻ ነበረው። ልጆቹ ሃምቡርግ ውስጥና ሊቨርፑል ካቨርን ክለብ በየምሽቱ ሲጫወቱ የኖሩ ስለነበሩ ስቱዲዮ ገብተው የሚፈልጉት የሚለማመዱበት ጊዜ አልነበረም። ጆን ሌነን በዚያ ቀን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጉሮሮ የሚልጠውን ዘፈን ሆን ብለው ለመጨረሻ አቆዩት። አልበሙ ላይ የምትሰሙት የዚያን ዘፈን የመጀመሪያ ሙከራ ነው።

የዚህን አልበም ስቴሪዮ ቅጂ ፈልጉና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከዚያ አንዱን ጆሮ አውልቁ። በግራ በኩል መሣሪያዎቹ፣ በቀኝ በኩል ድምፃውያኑ ብቻቸውን ይቀራሉ። ማዳመጫችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሁለቱ ትራኮች የተለዩት በኋላ ወደ ሞኖ (ወደ አንድ የድምፅ መስመር) ሲቀላቀሉ መጠናቸው እንዲስተካከል ነበር። ለእናንተ ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፦ ግራውን ብቻ እየሰማችሁ ድራም፣ ቤዝና ሁለት ጊታር ያለ አንዳች ጭማሪ እንዴት አንድን ዘፈን እንደሚሸከሙ አጥኑ።

ወደ ራሳችሁ ስትመለሱ፣ ስቱዲዮ በሰዓት ሒሳብ ከመከራየታችሁ በፊት ዘፈኑን ሳታቋርጡ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተጫወቱትና በስልክ ቅረጹት። በሦስቱ ቅጂዎች መካከል ፍጥነቱ በደቂቃ ከሦስትና ከአራት ምት በላይ ከተለያየ፣ ወይም ድምፃዊው ሦስተኛው ላይ ከፍተኛውን ኖታ ከሸሸ ገና ናችሁ። ኖታው ከከበደው የዘፈኑን ኪይ (መነሻ ቃና) ግማሽ ወይም አንድ ቶን ዝቅ አድርጉት። ለማስተካከል ርካሹ ቦታ ልምምድ ቤት ነው። ስቱዲዮም ስትገቡ ጩኸት የሚጠይቀውን ዘፈን ጠዋት አታስዘፍኑ። ለስላሳዎቹን አስቀድሙ፤ አንዴ የተላጠ ጉሮሮ በዚያው ቀን አይመለስም።

ቢትልሶች አራት ዓመት ቆይተው «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለውን አልበም ሲሠሩ መቅረጫው ስቱደር ጄ37 ነበር፤ ትራኩ አራት። አራቱ ሲሞሉ ያንን ሁሉ ቀላቅለው ወደ ሌላ ማሽን አንድ ወይም ሁለት ትራክ ይገለብጡታል፤ በቀሩት ባዶ ትራኮች ላይ ሌላ ይጨምራሉ። በእያንዳንዱ ግልበጣ የክሩ ሽሽታ ይጨምራል፣ የሲምባሉ ጥራትም ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ድራምና ቤዝ አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ ቤዙን ለብቻው ከፍ ማድረግ የለም። ስለዚህ ገና ያልተቀረጸው ሕብረ ዜማ ሲመጣ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ ከወዲሁ አስበው መቀላቀል ነበረባቸው። አንድ ዘፈን በዚህ መንገድ ሞክሩ። ስምንት ትራክ ብቻ ክፈቱ። ሲሞላ ድራሙንና ቤዙን ከነኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) እና ከነኮምፕሬሰሩ (ከፍተኛውን ድምፅ የሚጫን መሣሪያ) ወደ አንድ ስቴሪዮ ፋይል አውጡ፣ ጥሬውን ሌላ ዲስክ ላይ አኑሩና ከፕሮጀክቱ አስወግዱት። የመጀመሪያው ጊዜ ያስፈራል። በሁለተኛው ዘፈን ቅንብራችሁ ራሱ ሲቀልላችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ሁላችሁም ወደምትወዱት ወደ ድራሙ ልግባ። የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም (1971) መዝጊያ ላይ ያለው የጆን ቦናም ድራም በዓለም ላይ ብዙ ከተቀዱት አንዱ ነው። የተቀረጸው ሃምፕሻየር ውስጥ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ትልቅ ቤት፣ በሮሊንግ ስቶንስ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ነው። ድራሙ ደረጃው ሥር ካለው አዳራሽ ተቀመጠ። የቀረጻ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ቤየርዳይናሚክ ኤም160 ማይኮች ከላይ ደረጃው ላይ ሰቀለ። ከዚያ ኮምፕሬሰርና ቢንሰን ኤኮ ማሽን ጨመረበት። ለቤዝ ድራም የቀረበ ማይክ አልነበረም።

የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲሚንቶ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው፤ ጎረቤት አስፈቅዱ፣ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ አድርጉት። ድራሙ ታች፣ ሁለቱ ማይኮች አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይሁኑ። ከእያንዳንዱ ማይክ እስከ ስኔሩ መሐል ያለውን ርቀት በገመድ ለክታችሁ እኩል አድርጉ፤ ካልሆነ ስኔሩ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ሞኖ ላይም ይቀጥናል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ማይኩ ስድስት ሜትር ርቆ ከሰቀላችሁትና የቀረበ ማይክም ከጨመራችሁ፣ የሩቁ 17 ወይም 18 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ወደፊት መሳብ ወይም እንዳለ መተው ትችላላችሁ፤ ሁለቱንም ሰምታችሁ እዚያው ምረጡ። የኮምፕሬሰሩ መልቀቂያ ጊዜ (ድምፁን መጫን ትቶ የሚመለስበት) ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር ይያዛል። በደቂቃ 70 ምት ላለው ዘፈን በሁለት ምት መካከል 857 ሚሊሰከንድ አለ፤ የኮምፕሬሰሩ መርፌ ቀጣዩ ምት ሳይደርስ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ መልቀቂያው ዘግይቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፦ ዘፈኑ ፈጣን ሆኖ የክፍሉ ማስተጋባት ቀጣዩን ምት ሲውጠው፣ ወይም ድራመሩ ሲምባል ላይ ሲበረታ። የክፍል ማይክ ለሲምባል ምሕረት የለውም። ድራመሩ ስኔሩን በኃይል፣ ሲምባሉን በስሱ መምታት ካልቻለ ደረጃውን እርሱት።

ለንደን ታውንሃውስ ስቱዲዮ የተገኘው ሌላው የድራም ድምፅም ከሲምባል ጋር የተያያዘ ነው። የፒተር ጋብርኤል ሦስተኛ አልበም ሲቀረጽ የቀረጻ መሐንዲሱ ሂዩ ፓጃም ከሙዚቀኞቹ ጋር ለመነጋገር የተሰቀለውን፣ ኮምፕሬሰሩ እጅግ የበረታ ማይክ ሳይዘጋ ፊል ኮሊንስ ድራም መታ። ከስፒከሩ የወጣውን ግዙፍ ድምፅ በጌት (ድምፅ ሲቀንስ በሚዘጋ መሣሪያ) ድንገት ቆረጡት። ጋብርኤል አልበሙ ላይ ሲምባል እንዳይኖር አስቀድሞ ከልክሎ ስለነበር የሚበላሽ ነገር አልነበረም። ክልከላው ባይኖር ያ ድምፅ አይገኝም ነበር ባይ ነኝ። መሞከር ከፈለጋችሁ ስኔሩን ሁለት ሰከንድ ወደሚረዝም ሪቨርብ (ማስተጋባት) ላኩ፣ ከሪቨርቡ ኋላ ጌት አስገቡ፣ ጌቱን ደረቁ ስኔር ራሱ እንዲከፍተው አድርጉ፣ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ክፍት ሆኖ ይቆይና ባንዴ ይዘጋ።

ጊታሪስቶች ደግሞ የዩቱ (U2) ባንድን ጊታር ትጠይቃላችሁ። አልበማቸው «ዘ ጆሹዋ ትሪ» በ1987 ወጣ፤ ፕሮዲዩሰሮቹ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላንዋ ናቸው፤ ብዙው ሥራ የተሠራው ደብሊን ደቡብ ዳንስሞት በሚባል ቤት ነው። የባንዱ ጊታሪስት የዘ ኤጅ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም መሣሪያ) ሒሳብ ቀላል ነው፦ 60,000ን ለዘፈኑ ፍጥነት አካፍሉና በ0.75 አባዙት። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 375፣ 100 ከሆነ 450 ሚሊሰከንድ ይመጣል። እጃችሁ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት እኩል ኖታ ብቻ ይመታል፤ ዲሌዩ በመካከላቸው ይገባና አራት ያስመስለዋል። ድግግሞሹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሁን፣ መጠኑ ከዋናው ጥቂት ዝቅ ይበል፣ ዲስቶርሽኑ ይቀነስ። ድራመሩ ከክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ከሚሰማው የፍጥነት ምት) ከወጣ ሁሉም ይበታተናል፤ ጊታሪስቱን አትውቀሱት። ዘ ኤጅ ሜሞሪ ማንና ኮርግ ኤስዲዲ-3000 የሚባሉ ዲሌዮችን ይጠቀም ነበር፤ ዛሬ በስልክ ያለ ማንኛውም ዲሌይ ሒሳቡን ይሠራዋል። ዲሌዩን ከጊታሩ ጋር አብራችሁ ቅረጹት፣ ተጫዋቹ የሚመታው ለድግግሞሹ መልስ እየሰጠ ነውና። በኋላ ብትጨምሩት እጁ ሌላ ነገር ተጫውቶ ታገኙታላችሁ።

የዚያ አልበም መክፈቻ ዘፈን ለእኛ ቅርብ ነው፤ የባንዱ ድምፃዊ ቦኖ በ1985 ከላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ ከባለቤቱ ጋር ወሎ፣ አጅባር ቆይቶ ነበር፤ ግጥሙንም ከዚያ ቆይታ ጋር ያያይዘዋል። ይኸው ዘፈን ግን ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ሳምንት ከመብላቱ የተነሣ ኢኖ ክሩን አጥፍቶ ከእንደገና ለማስጀመር ተነሥቶ በሰው ነው የተያዘው። ትክክል ነበር አልልም፤ የታዘበው ነገር ግን ትክክል ነበር። በጥገና ብዛት የተሰለቸ ቀረጻ ላይ ከሚቀጠል፣ የሚያውቁትን ዘፈን አንድ ቀን ከእንደገና መጫወት ይሻላል።

የኦኤሲስ የመጀመሪያ አልበም (1994) ይህንኑ ያሳያል። ዌልስ ውስጥ ሞኖው ቫሊ ስቱዲዮ ሲገቡ እያንዳንዱ ለየብቻው ተቀረጸ። ንጹሕ ነበር፣ ሕይወት ግን አልነበረውም። ኮርንዎል ሶውሚልስ ሄደው ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተጫወቱ። ከዚያ ኦወን ሞሪስ ሚክስ ሲያደርግ የተደራረቡ ጊታሮችን ቀነሰ። አንድ ላይ ስትቀረጹ የአንዱ ድምፅ የሌላው ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የተሳሳተ ቤዝ ብቻውን አይጠገንም። በዚያው ምክንያት ማንም አይዘናጋም። የጊታር አምፖቹን ጀርባቸውን ለድራሙ ስጡ፣ ድምፃዊው ለመምሪያ ብቻ ይዝፈን፣ ዋናውን በኋላ ቅረጹ፤ ይበቃል። የባንዱ ሁለተኛ አልበም (1995) ደግሞ በማስተሪንግ (በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ጩኸቱ ይታወቃል። በዚያ ዘመን ሬዲዮና መጠጥ ቤት ውስጥ ይጠቅም ነበር። ዛሬ ስፖቲፋይ ዘፈኖችን በመደበኛ ቅንብሩ ወደ ‑14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ስለሚያስተካክል የእናንተ ጩኸት ዝቅ ተደርጎ ይቀርብና የቀረው የተጨፈለቀ ድራም ብቻ ይሆናል።

«ላቭለስ»ን (1991) የምትወዱ ፔዳል አትሰብስቡ። ማይ ብለዲ ቫለንታይን አልበሙን ከሁለት ዓመት በላይ በ19 ስቱዲዮዎች ሲሠሩት ኖረዋል፤ ያንን የሚከፍልላችሁ የለም። የባንዱ ጊታሪስት የኬቪን ሺልድስ የሚዋልል ድምፅ ዋና ምንጩ የጃዝማስተር ወይም የጃጓር ጊታር ማወዛወዣ ብረት ነው። ኮርዱን ሲመታ ብረቱን ከመዳፉ ሳይለቅ ድምፁን በቀስታ ዝቅና ከፍ ያደርገዋል። ማወዛወዣ ባለው ርካሽ ጊታር ሞክሩት፤ በየሙከራው መካከል ቱን ማድረግ አትርሱ። ቱኒንግን ካነሣን፣ ሮሊንግ ስቶንስ «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»ን ደቡብ ፈረንሳይ ምድር ቤት ውስጥ ሲቀርጹ በእርጥበትና በሙቀት ጊታሮቹ ሳይቀሩ ከቱን ይወጡ ነበር። ክፍላችሁ ሲሞቅ ከየሙከራው በፊት ቱን አድርጉ፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

የሌላ ሰው ድምፅ ስታስገቡ ደግሞ የተጻፈ ውል ይኑር። ፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን»ን ከ1972 ጀምሮ አቢ ሮድ ሲቀርጹ (ሥራውን አስቀድመው ለወራት መድረክ ላይ ተጫውተውታል) ክሌር ቶሪ የምትባል ድምፃዊት ጠርተው ግጥም በሌለው ዘፈን ላይ እንደመጣላት አስዘፈኗት። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው። አልበሙ በ1973 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተሸጠ። በ2004 ዜማውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብላ ከሰሰች፤ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፣ ስሟም በደራሲነት ገባ። እናንተ ማሲንቆ ተጫዋች ወይም አጃቢ ድምፃዊ ስትጠሩ ሥራው ሳይጀመር አንድ ገጽ ጻፉ፦ የዘፈኑ ስም፣ ቀኑ፣ የተከፈለው ብር፣ ከዜማው ድርሻ ይኑረው አይኑረው፣ ካለው ስንት በመቶ፣ ስሙ በምን አጻጻፍ እንደሚወጣ። ሰውየው ማይኩ ፊት ያልተሰጠውን አዲስ ዜማ ከፈጠረ ድርሻውን በዚያው ቀን አስተካክሉ። በሁለት ቅጂ ፈርሙ፣ አንዱን ለእሱ ስጡት፣ የእናንተን ፎቶ አንሥታችሁ ከዘፈኑ ፋይሎች ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት።