ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት

የተወደዳችሁ ወጣት የቼንሶ ባለሙያዎች፤

በሰንሰለት መጋዝ ጥገና ከ30 ዓመት በላይ ስቆይ ጠረጴዛዬ ላይ ካረፉት የተበላሹ ፒስተኖች መካከል በእርጅና የሞቱት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የገደላቸው የካርቡሬተሩን (የቤንዚንና የአየር መቀላቀያውን) ብሎን ያዞረ እጅ ሲሆን፣ ከእነዚያ እጆች አንዱ የእኔ ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ ግን ካርቡሬተር አትንኩ ለማለት አይደለም፤ ብሎኑ የተሠራው እንዲዞር ነውና። የምለምናችሁ ከማዞራችሁ በፊት ውስጡ ምን እንደሚሠራ እንድታውቁ ነው።

ሞተር ሳይክል ላይ የሠራችሁ የምታውቁት ካርቡሬተር ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጽዋና ተንሳፋፊ አለው። ዛፍ ቆራጭ ግን መጋዙን አንዴ ያጋድመዋል፣ አንዴ ይገለብጠዋል፤ በተንሳፋፊ ቢሠራ ኖሮ ሞተሩ ወይ በቤንዚን ይታፈናል፣ ወይ ይጠማል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ዲያፍራሞች፣ ማለትም ለሚጎብጡ ስስ ሽፋኖች፣ ሰጡት። አንደኛው ፓምፕ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ከፒስተኑ ሥር ባለው የክራንክ ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትና ስበት በትንሽ ቀዳዳ መጥቶ ያርገበግበዋል፣ እሱም ቤንዚኑን ከታንከሩ ይስባል። ሁለተኛው መጣኙ ነው፤ በአንድ ወገኑ የውጭ አየር፣ በሌላው ቤንዚን የሚይዝ ትንሽ ጓዳ አለ። ሞተሩ ሲስብ ከጓዳው ቤንዚን ይወጣል፣ ዲያፍራሙ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ትንሿን ማንሻ ይጫናል፣ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው መርፌም ከመቀመጫዋ ተነሥታ አዲስ ቤንዚን ታስገባለች። ይህ ዲያፍራም በጊዜ ብዛት እንደ ደረቀ ቆዳ ይገትራል፤ ማንሻዋን በሚገባ መጫን ያቅተውና ሞተሩ ይራባል። ያን ጊዜ ወጣቱ መካኒክ ብሎኑን ይከፍታል፤ ማሽኑ ለሁለት ቀን የዳነ ይመስልና ተመልሶ ይመጣል። የገተረን ዲያፍራም የትኛውም ብሎን አያለሰልሰውም።

ስትፈቱት የማንሻዋን ከፍታ ሳትለኩ አትግጠሙ። በብዙዎቹ ላይ ከጓዳው ወለል ጋር እኩል ትሆናለች፣ ግን እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን እዩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የታንከሩን ፊልትሮ፣ በካርቡሬተሩ መግቢያ ያለችውን ወንፊት፣ በመጋጠሚያው መሐል አየር የሚያግደውን ጓርኒሲዮንና ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ላስቲክ መርምሩ። ጋዝ ከለቀቃችሁ በኋላ ዙሩ ቶሎ አልወርድ ካለ ብዙውን ጊዜ በላስቲኩ ወይም በክራንኩ ዘንግ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ጎማ በኩል አየር እየገባ ነው፤ ይህም በካቻቢቴ አይድንም።

ብሎኖቹን በተመለከተ ኤል የተባለው የዝቅተኛውን ዙር፣ ኤች የተባለው የከፍተኛውን ዙር ቤንዚን ይመጥናል፤ ሦስተኛው የጋዙን በር ጥቂት ገልጦ ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር፣ ይይዛል። ወደ ቀኝ ስታዞሩ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ይጨምራል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ በቆሸሸ ማጣሪያ የተስተካከለ ማሽን ማጣሪያው የጸዳ ዕለት ቤንዚን ያንሰዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እንጦጦ ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባሕር ዛፍ ለሚቆርጡ ሰዎች አንድ ማሽን አስተካክዬ ነበር። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ማሽኑ ከፋብሪካ በወጣበት መጠን ሲሠራ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። የኤችን ብሎን ቀነስኩ፤ እንደ ንብ ሆነ፣ እኔም ኮራሁ። ከወራት በኋላ ባለቤቱ ያንኑ ማሽን ፕሮሶፒስ የተባለውን ወራሪ ዛፍ ለመመንጠር አፋር ውስጥ ወደ አሚባራ ይዞት ወረደ፤ ቦታው ከ800 ሜትር በታች ነው። አየሩ ከበደ፣ የእኔ ብሎን ግን እዚያው እንጦጦ እንደነበረው ቀረ። ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ነከሰ፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቆመ። ፒስተኑን ሳወጣው በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ጎኑ ተፍቆ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልሙኒየሙ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነውና፣ ቤንዚን ሲያንሰው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቅባቱም አብሮ ይጎድላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ ድምፁ ነው። ቤንዚን እያነሰው ያለ ሞተር ሊነክስ ሲቃረብ ከምንጊዜውም ይልቅ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ደንበኛም ጎበዝ ብሎ ይከፍላችኋል። በትክክል የተስተካከለው ግን ያለ ሥራ በሙሉ ጋዝ ሲያዝ ጎርነን ብሎ ይንተባተባል፣ ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል፣ ከእንጨቱ ሲወጣ እንደገና ይንተባተባል። ጆሮዬን እስካምነው ድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አሁን ግን በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ እሱንም አላምነውም፣ ምክንያቱም ብልጭታውን የሚሰጠው ኮይል ራሱ ዙሩን ሲገድብ ያንኑ መንተባተብ ያሰማል። ስለዚህ የዙር መለኪያ ግዙ፣ በመመሪያው ከተጻፈው ከፍተኛ ዙርም አትለፉ። ኮምፒውተር ራሱ የሚመጥንላቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ የምታዞሩት ብሎን አታገኙም፤ አትፈልጉት።

አንዳንዶቻችሁ ጉልበት ለመጨመር ማርሚታውን ትከፍታላችሁ። ያንን ያደረገ ሞተር በብዙ ማሽን ላይ አየር በቀለለ ስለሚወጣለትና ስለሚገባለት ቤንዚን ሊጨመርለት ይገባል፤ የብሎኑን ገደብ የሚይዘው የፕላስቲክ ቆብ ደግሞ ያን ያህል አያስከፍትም። ቆቡን ማውጣት ይቻላል። የማልታገሠው ቋሚውን የቤንዚን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ማስፋት ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም፣ ከዚያ በኋላ ያ ካርቡሬተር በየትኛውም መመሪያ አይስተካከልም። ዘይት አብዝቶ መቀላቀልም መድኃኒት አይደለም፤ በ50 ለ1 (ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ) በሚቀላቀል ዘይት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚወስድ ሞተሩን መልሶ ያስርበዋል።

ወደ ቆላ የሚሄድ ማሽን ካስተካከላችሁ ኤችን ከደጋው መጠን ሩብ ዙር ያህል ከፍታችሁ ስደዱት፤ ይጭስ፣ ይጎርንን፣ ግድ የለም። ብሎኑ ከመቀመጫው ስንት ዙር እንደተከፈተና የት እንደተስተካከለ በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከሽፋኑ ውስጠኛ ወገን ለጥፉ። ቆራጩ እዚያ ሲደርስ ሞተሩን አሙቆ፣ ሰንሰለቱን ሞርዶ፣ ወፍራም ግንድ ውስጥ አስገብቶ ድምፁን ይስማ፤ ስልክ ካለውም ያሰማችሁ።