ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሚኒሞዋ የሚወርድ ቮልስ

«ጋሼ፣ አዘዞ አንድ ሰው የ68 ሞዴል ቮልስ ሊሸጥልኝ ነው። ሞተሯ ወርዶ ተሠርቷል ብሎኛል፤ ቀለሟም ያምራል። ወደ ፒያሳ ስነዳት ግን ዳገቱ ላይ ደከመች። ቆሜ ፍሪሲዮን ስረግጥ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይወርዳል። ስትሞቅ የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ትንሽ የቤንዚን ሽታም አላት። አባቴ የነበረችው ዓይነት ስለሆነች ልቤ ሄዷል። ልግዛት ወይ?» ይላል ከጎንደር ማራኪ ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ።

ልብህ መሄዱን ብቻ ለሻጩ እንዳትነግረው። ቤንዚን የሚጠጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ ብረት ያለው ሁሉ ወርቅ የቀበረ መስሎታል።

የቤንዚኑን ሽታ «ትንሽ» ብለህ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኸው። እኔ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። የቤንዚን ጎማዋ (ቤንዚን የሚያስተላልፈው ቱቦ) ሳይቀየር ያችን መኪና ሁለተኛ እንዳታስነሳት። እመለስበታለሁ።

ዳገት ላይ መድከሟን አልቆጥርባትም። ከፋብሪካ 44 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ባለ 1500 ሲሲ ሞተር ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር 35 ቢሰጥህ እግዜር ይስጥልኝ በል። እኔን የያዘኝ የፍሪሲዮኑ ነገር ነው። ስትረግጠው ሞተሩ ከከበደውና ቀዩ መብራት በትኩስ ዘይት ከበራ፣ ግምቴ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላወሳል የሚል ነው። ሳላያት እወራረዳለሁ።

ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት። ከኋላ ቺንጋውን የሚያዞረውን ትልቁን የታች ፑሊ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ራስህ ሳበው፣ ከዚያ ግፋው። ጤነኛ ሞተር ላይ ያለው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅህ አያውቀውም ማለት ይቻላል። 0.15 ካለፈ አልቋል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ «ሞተር ወርዶ ተሠርቷል» የተባለው ሞተሩ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ ተመለሰ ማለት ነው። በቮላኖው (ፍሪሲዮኑ በሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) በኩል የሚገቡት ማስተካከያ ቀለበቶች ሦስት ናቸው። አራተኛ ጨምሮ «አስተካከልኩት» ያለ ሰው ሥራ በእጄ ፈትቻለሁ፤ ክራንክ ሻፍቱ የሞተሩን ቤት ራሱን በልቶት ነበር። ቤቱ ከተበላ ደግሞ በቀለበት አይድንም። ማሽን ቤት ገብቶ በልክ ተቦርቡሮ ሰፊ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ማቀፊያ) ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ሙቀቱ። ይህችን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ታገሠኝ። ቮልስ ራዲያተር የላትም። በዲናሞው ዘንግ ላይ ያለው ማራገቢያ ነፋስ ይስብና በላሜራው ልብስ ውስጥ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይገፋዋል። ነፋሱ ሙቀቱን ይዞ ከሥር ይወጣል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ሥራው የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ጎማው ከሌለ ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። የዘይቱ ማቀዝቀዣ ደግሞ በ68 ሞዴል ላይ እዚያው ማራገቢያው ልብስ ውስጥ ቆሟል፤ ልክ በ3ኛው ሲሊንደር መንገድ ላይ። ስለዚህ 3ኛው የሚደርሰው ነፋስ ያነሰና አስቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ይህን ያውቀው ስለነበር አንዳንዱ ዲስትሪቢዩተር (እሳት አከፋፋይ) ላይ የ3ኛውን እሳት ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። በፈረንጅ 1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አውጥቶ ለብቻው ነፋስ ሰጠው። በአሮጌዎቹ ግን የ3ኛው የጭስ ቫልቭ ይሞቃል፣ ይሳባል፣ ክፍተቱ ይዘጋል፤ አንድ ቀን የቫልቩ ራስ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። የወደቀ ቫልቭ ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ፒስተን ይዞ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሾፌሩ በኩል ያለውን የቫልቭ ክዳን ክፈት። ከፊት የመጀመሪያው የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ነው። የ3ኛው ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳሉ የ0.15 ሚሊ ሜትር መለኪያ ላሜራ መግባት አለበት። ምንም ካልገባ ቫልቩ እየተሳበ ነው። በ13 ቁልፍና በካቻቢቴ ማላላት ትችላለህ፤ ግን ለሻጩ ብለህ እንዳታላላው፤ ዋጋ መቀነሻህ ነው።

አሁን የሚያናድደኝ። እዚህ የሚመጡ ቮልሶች ግማሾቹ የሥር ላሜራቸው የለም። «ምን ይሠራል?» ብሎ የጣለው የቀድሞ ሠራተኛ ነው። ጎማውም እንዲሁ። ኮፈኑን ክፈትና በሞተሩ ዳር መሬቱ የሚታይህ ከሆነ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አወቅህ። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የላትም። ስለዚህ ዘይት ላይ የሚቆጥብ ሰው ቮልስ አይግዛ።

ወደ ቤንዚኑ። የቤንዚን ፓምፑ ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ለጎን ነው፤ እሳትና ቤንዚን ጎረቤት ናቸው። ካርቡሬተሩ ላይ ተጨምቃ የገባችው የነሐስ ቧንቧም ከዕድሜ ብዛት ትላላለች፣ ከነጎማዋ ትወጣለች። በርካሽ የሚሸጠው ጎማ፣ ካርቶኑ ላይ ጀርመን ተብሎ ቢጻፍም፣ በወራት ውስጥ ይሰነጠቃል፤ እጥፍ ስታደርገው ስንጥቅ ካሳየህ ጣለው። የሞተሩ ቤት ማግኒዚየም ያለበት ስለሆነ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል። በባልዲ ውሃ ሲደፉባት አይቻለሁ፤ ነጭ ብርሃን ሆነች። የዱቄት ማጥፊያ ያዝ፣ ደረቅ አሸዋ አዘጋጅ፤ ከሁሉ በፊት ግን ጎማውን ቀይር፣ በፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ ቀለበት) እሰር፣ ከዚያ አስነሳ።

አካሉን በማግኔት ዳስሰው። ማግኔቱ የማይዝበት ስቱኮ ነው። ከበሩ ሥር ያሉትን ሣጥኖች በክሪክ ስታነሣት አይተህ ፍረድ፤ በሩ አልዘጋም ካለ ሣጥኑ በስብሷል። የኋላ መቀመጫውን ስታነሣ ባትሪው ሥር ያለው ወለል ብዙ ጊዜ የተበላው እሱ ነው።

እዚያው መቀመጫው ሥር፣ መሐሉ ላይ፣ የሻንሲ ቁጥሯ አለ። በ118 የሚጀምር ከሆነ በእርግጥ የ1968 ሞዴል ናት፤ 119 የ1969 ነው። «68» ሲልህ በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር ጠይቀው፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር በኤች ፊደል ከጀመረ 1500 ነው፣ በኤፍ 1300፣ በዲ 1200። ሁለቱም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ ቀለሟን አትይ፣ ተነሥ።

ፑሊው ከተላወሰ የሞተር ማደሻውን ከዋጋው ቀንስና ያልተሠራ ሞተር ዋጋ ስጠው። እምቢ ካለ ሌላ ቮልስ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ አስጎትተህ ይዘሃት ከመጣህ እኔም እጄን ፑሊው ላይ አሳርፋለሁ። ግን ነድተሃት አትምጣ፤ የቤንዚን ጎማዋ ገና አልተቀየረም።