«ሁለቱ» እና «ሁለቱም»

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሒሳብ አስተምራለሁ። ለፈተና «ሁለቱ ኦፕሬተሮች ዜሮ የሚያደርጓቸውን ፖሊኖሚያሎች ፈልጉ» ብዬ ነበር፤ ኦፕሬተር ስል አንድን ፖሊኖሚያል ወደ ሌላ የሚለውጥ ስሌት ማለቴ ነው። ገሚሱ ተማሪ የጋራውን ከርነል (እያንዳንዳቸው ለየብቻ ዜሮ የሚያደርጓቸውን)፣ ገሚሱ የብዜታቸውን ከርነል (አንዱ ከሌላው ተከትሎ ሲሠራ ዜሮ የሚሆኑትን) ሠርቶ አስረከበ። የማንን ነጥብ ልቀንስ?

መልስ፦ የማንንም አይቀንሱ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ንባብ ይቀበላል። ከጣና ወደብ «ሁለቱ ጀልባዎች 40 መንገደኛ ወደ ዘጌ ወሰዱ» ቢባል፣ ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ አርባውን ለሁለቱ ያካፍላል። «ሁለቱም ጀልባዎች አርባ አርባ መንገደኛ ወሰዱ» ከተባለ ግን ተሳፋሪው 80 ነው። «ም» ድርጊቱን ለየራሳቸው ታድላለች፤ የቁጥሩ መደጋገም ደግሞ ጥርጣሬውን ይዘጋል።

በእርስዎ ጥያቄ ላይ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል። ሀ በኤክስ፣ ለ በዋይ ከፊል ዴሪቬቲቭ (ሌላውን ተለዋዋጭ እንደ ቋሚ ቁጥር ቆጥሮ) የሚወስዱ ኦፕሬተሮች ይሁኑ። ማንኛቸውም ቢቀድሙ ውጤቱ አንድ ነው። ሁለቱም ዜሮ የሚያደርጓቸው ቋሚ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ዳይሜንሽኑ፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ ለመገንባት የሚያስፈልጉት ፖሊኖሚያሎች ትንሹ ብዛት፣ 1 ነው። ሁለቱ ተራ በተራ ሠርተው ዜሮ የሚያደርጓቸው ግን ኤክስ ብቻ ያለበት ፖሊኖሚያል ዋይ ብቻ ካለበት ጋር ሲደመር የሚገኙት ሁሉ ናቸው፤ እዚህ ዳይሜንሽኑ ወሰን የለውም። ከአንዲት ፊደል ይህን ያህል መጠበቅ ይከብዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሀን ሁለት ጊዜ፣ ለን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢያሠሯቸው የጋራው ከርነል ዳይሜንሽን 6 ይሆናል፦ 1፣ ኤክስ፣ ዋይ፣ ኤክስ በዋይ፣ የዋይ ካሬ፣ ኤክስ በዋይ ካሬ።

«የጋራ ከርነል» ማለትዎ ትክክል ነው። «በጋራ ዜሮ የሚያደርጉት» ግን አይበሉ። የጋራ ጉድጓድ ውኃ ሁለቱም ይቀዱበታል፤ በጋራ የተቆፈረው ደግሞ ሁለቱ የተረዳዱበት ነው። «በጋራ» ተማሪውን ወደ ብዜቱ ይገፋዋል።

አሉታው ላይ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ፣ እዚህ ብዙ መምህር ይሳሳታል። «ሁለቱም አልመጡም» ስንል ማንም አልመጣም ማለታችን ነው። ስለዚህ ከጋራው ከርነል ውጭ ያለውን «ሁለቱም ዜሮ የማያደርጉት» ብለው ከገለጹ ኤክስን ራሱን ያጡታል፤ ለ ዜሮ ያደርገዋል፣ ሀ ግን 1 ያደርገዋል። «ቢያንስ አንዱ ዜሮ የማያደርገው» ብለው ይጻፉ።