ደሴን የያዘው የትኛው ሻለቃ ነበር?

ጥያቄ፦ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከደሴ ያስወጣው የእንግሊዝ ጦር ነው ሲባል እንሰማለን። የትኛው ሻለቃ ጦር ነበር? ስንት ሰው ሞተበት? ለትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ስለማቀርበው መዝገቡ የት እንደሚገኝ ብትጠቁሙኝ። ከደሴ

መልስ፦ የእንግሊዝ ሻለቃ አልነበረም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ወሎ የዘለቀው 1ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው፤ አዛዡ ብርጋዴር ዳን ፒናር ይባላል። በሥሩ ሦስት ሻለቆች ነበሩ፤ ሮያል ናታል ካርቢኒርስ፣ ትራንስቫል ስኮቲሽ እና ዱክ ኦፍ ኤደንብራስ ኦውን ራይፍልስ። ሚያዝያ 9 ቀን ኮምቦልቻ በር ላይ ከጣሊያን ምሽግ ጋር ገጠመ፤ አርበኞችም አብረውት ተዋጉ። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ አፕሪል 26 ቀን 1941። ይህ ጦር በእንግሊዛዊው ጄኔራል ካኒንግሃም ሥር ስለነበረ በጥቅሉ «እንግሊዝ» ተባለ እንጂ፣ የሻለቆቹን ሰነድ ለንደን ቢፈልጉ ይደክማሉ። ፕሪቶሪያ ያለውን የደቡብ አፍሪካ መከላከያ ሠራዊት መዝገብ ቤት ይጠይቁ።

የእንግሊዝ እግረኛ ሻለቆችን ከፈለጉ ከረንንና አምባ አላጌን ይመልከቱ። እዚያም ቢሆን ሻለቃውን በቁጥርም በስምም ይለዩ። ከረን ላይ የተዋጋው 2ኛው ካሜሮን ሃይላንደርስ ነው፤ የያዘው ተራራ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ሻለቃ በሰኔ 1934 ዓ.ም. የሊቢያዋ ቶብሩክ ስትወድቅ ተማረከ፤ ከዚያ በሌሎች ሰዎች ተሞልቶ በዚያው ስም እንደገና ተቋቋመ። በ1936 ዓ.ም. (በ1944 እ.ኤ.አ.) ጣሊያን አገር ካሲኖ ላይ የምናገኘው ይኸኛው ነው። የሁለቱን ሙታን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ትክክል አይሆንም።

የእንግሊዝ ሻለቃ የጦር ማስታወሻ የሚገኘው ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። በወር በወር የታሰረ ሲሆን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የዕለቱ ውሎ የሚሉ ዓምዶች አሉት። የሞተ መኮንን አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ይጻፋል፤ ተራው ወታደር ግን በቁጥር ብቻ ነው የሚታለፈው። የወታደሮቹን ስም ለማግኘት የጋራ ብልጽግና አገሮች የጦር መቃብር ኮሚሽንን የኢንተርኔት መዝገብ ይክፈቱ፤ ክፍያ የለውም። በሬጅመንቱ (ሻለቆቹ በሥሩ በሚጠሩበት የጦር ክፍል) ስምና በሞቱበት ቀን ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ኢትዮጵያ» ብለው አገር ከመረጡ ከረንና አስመራ የተቀበሩት ይቀሩብዎታል፤ መቃብራቸው ያልታወቀውም ናይሮቢና ካርቱም ባሉት መታሰቢያዎች ላይ የተጻፉ ስለሆኑ አይመጡልዎትም። አገሩን ባዶ ይተዉት። የሻለቃው ቁጥር ያልተጻፈበት ስምም ያጋጥማል፤ እሱን ከማስታወሻው ቀን ጋር ማመሳከር ነው።

ቁስለኛው ሆስፒታል ደርሶ ከሳምንታት በኋላ ሲሞት መዝገቡ የሚይዘው የሞተበትን ቀን እንጂ የቆሰለበትን አይደለም። ስለዚህ ፍለጋዎን ውጊያው ባበቃበት ቀን አይዝጉ፤ ሁለት ወር ይጨምሩበት።

«ጉዳት» የሚል አኃዝ ሲያዩም ምን ምን እንደተደመረ ይጠይቁ። ከረን ላይ በእንግሊዝ በኩል 536 ሞተው 3,229 ቆስለዋል። ድምሩን 3,765 ወስዶ «ሞቱ» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ሞቱን ሰባት እጥፍ አደረገው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለቤት መሠረት ስናስቆፍር የዛገ ጥይት መሰል ነገርና የብረት ባጅ ወጣ። የየትኛው ሻለቃ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል? ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መጀመሪያ ቁፋሮውን ያስቁሙ። የዛገውን ነገር አይንኩት፣ አያንቀሳቅሱት፣ ልጆች እንዳይጠጉት አድርገው ለፖሊስ ያሳውቁ፤ የሞርታር ወይም የመድፍ ጥይት ቢዝግም ሊፈነዳ ይችላል። ባጁን በአሸዋ ወረቀት አይፈትጉት፣ ጽሑፉ ይጠፋል፤ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የቆብ ባጅ ሬጅመንቱን ይናገራል እንጂ ሻለቃውን አይለይም፣ የአንድ ሬጅመንት ሻለቆች አንድ ዓይነት ነውና የሚያደርጉት። ባለ አምስት ጫፍ ትንሽ ኮከብ ከሆነ ግን የጣሊያን ወታደር ኮሌታው ላይ የሚያደርገው ነው።