የአረብን ተረት በአማርኛ ለመንገር ለተነሳችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በካርቱም ኖራችሁ አረብኛ የለመዳችሁ፣ ወይም መድረሳ ገብታችሁ የተማራችሁ፣ የአረብን ተረት በአማርኛ ለመንገር መነሳታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ቋንቋውን ማወቅ ግን የመንገዱ እኩሌታ ነው። ተረት በተራኪው አፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቃል ጠፍቶት አይደለም። ቃል በቃል መያዝ ያለበትን ለቅቆ፣ እንደ ልብ መነገር ያለበትን ሲሸመድድ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ሁለቱን እንድትለዩ ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት የያዛችሁት ተረት የየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ። ሲራ የሚባለው የጀግና ገድል ነው፤ እጅግ ረጅም ነው፣ ለብዙ ምሽቶች ይቀጥላል፣ ተራኪውም ሙያተኛ ወንድ ነው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካይሮ የኖረ አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በከተማዋ የአቡ ዘይድን ሲራ ብቻ የሚተርኩ ወደ 50፣ የሱልጣን በይበርስን የሚተርኩ ወደ 30፣ የዐንተራን የሚተርኩ ደግሞ 6 ያህል ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል። አንዱ የሌላውን አይነካም ነበር፤ አንድ ሲራ የዕድሜ ልክ ሥራ ነውና። ሒካያ ግን የቤት ተረት ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ እውቅና የሰጠው የፍልስጤም ሒካያ በክረምት ምሽት የሚነገር ሲሆን ተራኪዎቹ በአብዛኛው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች፣ አድማጮቹም ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጀማሪ ከሒካያ ይነሳ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ተረት ለመጀመሪያው ወር ይበቃል።

አሁን ቃል በቃል ወደሚያዘው ልምጣ። አንደኛው መክፈቻውና መዝጊያው ነው። የፍልስጤም እናቶች «ወሕዱላህ» ብለው አምላክ አንድ ነው እንዲባል ይጠይቃሉ፣ አድማጩም «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ይላል። በብዙ አገር የሚሠራው ደግሞ «ካን ያ ማ ካን» ነው፤ ከዕለታት አንድ ቀን እንደማለት ነው። ግብጽ ውስጥ ተረቱ የሚያልቀው «ቱታ ቱታ፣ ኺልሲት ኢል ሐዱታ» (ተረቷ አለቀች) ተብሎ ነው፤ ወዲያው «ሒልዋ ወላ መልቱታ?» ይጠየቃል፤ ጣፈጠች ወይስ ተንዛዛች እንደማለት ነው። ልጆቹ ይፈርዳሉ። ለአማርኛ አድማጭ «ተረት ተረት» ብላችሁ «የላም በረት» ማስባልም ያስኬዳል፤ የሁለቱን አገር መክፈቻ ባንድ ላይ ማደባለቅ ግን አይሆንም። ዋናው ነገር መልሱን መጠበቅ ነው። ጥሪውን ብላችሁ ሳትቆዩ ወደ ታሪኩ ከሮጣችሁ አድማጩ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው፣ ኋላ የሚመለስ ግጥም ሲመጣም አፉን አይከፍትም። መልሱ ከሳሳ ጥሪውን ድገሙት።

ሁለተኛው ቤት የሚመታው ንግግር ነው። ጉላ የምትባለዋን ሰው በላ ውሰዱ። ጀግናው አስቀድሞ ሰላም ሲላት የምትመልሰው በየአገሩ የታወቀ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሰላምታህ ባይቀድመው ንግግርህን፣ ሥጋህን ጨርሼ እግጥ ነበር አጥንትህን።» ይህ ቤት ካልመታ ልጅ አይይዘውም፣ ካልያዘው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አብሯችሁ አይለውም። ስለዚህ ሌላውን ከመለማመዳችሁ በፊት ቤቱን በአማርኛ ጨርሱት፤ ከዚያ በኋላ አትለውጡት።

እዚሁ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሽ ነገር አለ። በብዙ ተረት ጉላዋ ጡቶቿን ወደ ኋላ በትከሻዋ ላይ ጥላ ትቀመጣለች፤ ጀግናው ቀስ ብሎ ከኋላዋ ይመጣና ይጠባል። ተራኪዎች በኀፍረት ይህን ይዘሉታል ወይም «ለመናት፣ ራራችለት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ተረቱ ይፈርሳል። ጉላ ርኅራኄ የላትም፤ ያልበላችው ጡቷን ስለጠባ ነው። በጡት የተዛመደ ልጅ ነው፣ ልጅ ደግሞ አይበላም። የጡት ልጅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ አገር አድማጭ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አጠር አድርጋችሁ፣ ሳትስቁ፣ ሳታፍሩ ተናገሩትና እለፉ።

የቀረው ልቅ ነው፤ አትሸምድዱት። «ቱንጁር ቱንጁር» የተባለውን የፍልስጤም ተረት እንደ ምሳሌ እንየው። ልጅ ያጣች ሴት ድስትም ቢሆን ስጠኝ ብላ ትለምናለች፣ ድስት ትወልዳለች። ድስቷ እየተንከባለለች ትወጣለች። አንዴ ማር፣ አንዴ ሥጋ፣ አንዴ ጌጥ ተሞልታ ወደ እናቷ ትመለሳለች፤ ባለቤቶቹ ክዳኗን መክፈት ያቅታቸዋል። በመጨረሻ ግን ቆሻሻ ይሞሉባታል። ይህን በወረቀት ላይ ከስድስት መስመር በላይ አትጻፉት፦ ልመናው፣ ማሩ፣ ሥጋው፣ ጌጡ፣ ቆሻሻው፣ የእናቲቱ ፊት። ቃል በቃል የምትይዙት የምትንከባለልበትን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ ንገሩት፤ በየጊዜው ዓረፍተ ነገሩ ቢለያይ አትጨነቁ፣ እንዲያውም መለያየት አለበት። ሙሉውን ጽፎ የሸመደደ ሰው አንድ ልጅ ሲያቋርጠው የት እንደነበረ ይጠፋዋል፤ መስመሮቹን ብቻ የያዘ ግን መልሶለት ይቀጥላል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። «ሰልችቷቸዋል» ብሎ ጌጡን ያሳጥራል። ቆሻሻው የሚያስቀው ግን አድማጩ አራተኛ ሀብት ሲጠብቅ ስለሚመጣ ነው፤ ሦስተኛው ሙሉ ካልሆነ መጠበቁ አይፈጠርም። ማሳጠር ካስፈለገ ሁለተኛውን አሳጥሩ። ቆሻሻውንም ለጨዋነት ብላችሁ ጭቃ አታድርጉት። ምክርም አትጨምሩ፤ «ስግብግብነት መጥፎ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ልጆቹ ራሳቸው የደረሱበትን ትነጥቃቸዋለች።

ወደ ሲራ ስትሸጋገሩ ከአቡ ዘይድ ልደት ጀምሩ፤ ለብቻው የሚቆም ክፍል ነው። እናቱ ኸድራ ውሃ ዳር አንድ ጥቁር ወፍ ሌሎቹን ወፎች ሁሉ ሲያባርር አይታ እንደሱ ያለ ልጅ ትለምናለች። ጥቁር ልጅ ትወልዳለች። አባቱ ሪዝቅ ይጠራጠራታል፣ እሷም ከነልጇ ትወጣለች፤ ልጁ ከሌላ ጎሳ ያድግና ሳያውቅ አባቱን በጦር ይገጥማል። በደማስቆ ከኡመያድ መስጊድ ጀርባ ባለው አን-ነውፈራ ቡና ቤት ሐካዋቲው፣ ማለትም የቡና ቤቱ ተራኪ፣ መጽሐፉን ይዞ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሲያነብ ታሪኩን የሚያቋርጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፦ አድማጩ አደጋውን ካወቀ በኋላ፣ መውጫውን ከማወቁ በፊት። ሁለቱ ሰዎች አባትና ልጅ መሆናቸውን አድማጩ ሳያውቅ ካቋረጣችሁ ነገ የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

ሲራዎቹ ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው። የዐንተራ እናት ዘቢባ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች፤ ልጇም በእሷ ጥቁረት ሲነቀፍ ያድጋል። በሰይፍ ኢብን ዚየዘን ሲራ ደግሞ ዋናው ጠላት ሰይፍ አርዕድ የተባለ የሐበሻ ንጉሥ ነው። በታሪክ የሚታወቀው ሰይፍ ኢብን ዚየዘን የ6ኛው መቶ ዘመን የየመን መስፍን ሲሆን ዐፄ ሰይፈ አርዕድ የነገሡት በ14ኛው ነው፤ ተራኪዎቹ በየዘመናቸው የሰሙትን ስም አስገብተውበታል ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ ሐበሻን ከጠላትነት አውጥታችሁ ለማሳመር ትፈተኑ ይሆናል። አታድርጉት። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለአድማጮቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸውና ታሪኩን እንዳለ ተርኩት፤ አድማጭ ይህን መሸከም አያቅተውም።

ምንጩንም በትክክል ተናገሩ። አላዲንና ዐሊ ባባ ከሺህ አንድ ሌሊት ጥንታዊ የአረብኛ ቅጂ ውስጥ የሉም፤ የሐለቡ ሐና ዲያብ በ1709 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ለፈረንሳዊው ተርጓሚ ለጋላን የነገራቸው ናቸው። ግሩም ተረቶች ናቸውና ንገሯቸው፣ ግን ስማቸውን ከባለቤታቸው ጋር።

በመጨረሻ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው አፍ መቅዳት ስለምትፈልጉት። አንዲት እናት ለብቻዋ ማይክ ፊት ብትቀመጥ ተረቱን አሳጥራ ትጨርሰዋለች፤ የልጅ ልጆቿ ወይም ጎረቤቶቿ ባሉበት ቅዱ። ምሽት ይሻላል፤ በሰሜን አፍሪካ ብዙ ቦታ ተረት በቀን መንገር እንደ ነውር ይታያል። «ተረት ያውቃሉ?» ካላችሁ «አላውቅም» ትላለች፤ ይልቅ የምታውቁትን አንዱን ጀምሩላት፣ ልታርማችሁ ትነሳለች። የመንደሯን አረብኛ ወደ መጽሐፍ አረብኛ አታስተካክሉ። የሁለት ሰዎችን ተረት አንድ አታድርጉ። ከማን እንደሰማችው፣ መንደሯንና ቀኑን ጻፉ። ለሴቶች ብቻ የምትነግር ከሆነ ድምፅዋን ያለ ፈቃዷ ኢንተርኔት ላይ አታውጡ፤ ለመቅዳት መፍቀዷ ለማውጣት መፍቀድ አይደለም። ከሳምንታት በኋላም ተመልሳችሁ ያንኑ ተረት እንድትደግመው ለምኗት። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ስትሰሙ ዓረፍተ ነገሮቹ ይለያያሉ፤ ሳይለወጡ የተመለሱትን ቃላት አስምሩባቸው፣ የምትሸመድዷቸው እነሱን ነው።